ወሬ ፍለጋ ጉለሌ ድረስ

እኛ መንዞች አዲስ አበባ የምንሄደው ለሦስት ጉዳይ ነው፤ ለሕክምና፣ ለክስና ለለቅሶ። እኔ ግን ወሬ ልለቅም ሄጃለሁ። ስመለስ የአገሬ ሰው «ምን አይተህ መጣህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ግድግዳ» እያልኩ መልሼ ብዙ ተስቆብኛል። ጉለሌን ረግጣችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትረግጡ፣ ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጋጋለበት። እኔ በትንሿ ከተማችን ቀን ሕፃናትን፣ ማታ ደግሞ አዋቂዎችን አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ ሁሉ ያስቸገረችኝ እናቴ ናት። አገሬው እማማ የሺ ይላታል። ፊደል በቶሎ ለየች፣ መጽሐፏን በቶሎ ጨረሰች፣ ከዚያ በኋላ «ሌላ አምጣ» ብላ ያዘችኝ። ሌላ ከየት ይምጣ? እኛ ዘንድ የሚነበብ ነገር ዳዊትና የቀበሌ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከገበያው አጠገብ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ የእንጨት ሰሌዳ አቆምኩ። ከጋዜጣ ላይ አስገራሚ አስገራሚውን ወሬ በመቀስ እየቆረጥኩ እለጥፍበታለሁ። ከሥሩ አንድ አዲስ ቃል ከነትርጉሙ አክልበታለሁ። ቅዳሜ ገበያተኛው ይከበዋል፤ እማዬ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ ታነብለታለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ስትጀምር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ኋላ ጋዜጣ የሚያመጣው መኪና ቀረ። ያው ወረቀት ሰሌዳው ላይ ፀሐይ እስኪያነጣው ሰነበተ። እማዬ ደግሞ ያንኑ ወሬ ለዚያው ሰው መልሳ ማንበብ አሳፈራት መሰለኝ፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ከራሷ ትፈጥር ጀመር። ባሕር ማዶ አንዲት ላም ባለቤቷን ፍርድ ቤት ከሰሰች አለች። ሰው እየበዛ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ አንድ አገር ላይ መዋጮ የሚባል ነገር ጨርሶ ቀረ ብላ አነበበች። ገበሬው ከሰሌዳው ቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ «እኛስ ዘንድ መቼ ይቀራል?» ብሎ ጠየቀ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጥላሁን ክፉ ሰው አይደለም፤ አብረን ነው የተማርነው። ያን ዕለት ግን ፊቱ ዐመድ መስሎ ወጣ።

«ግርማ፣ ልታስበላኝ ነው እንዴ?» አለኝ። «ከእንግዲህ በጋዜጣ ታትሞ ከወጣው በቀር አንዲት ቃል እንዳይነበብ። በእጅ የተጻፈም አይለጠፍ፤ ወረቀት በተኑ እንባላለን። ሦስት ቅዳሜ እሰጥሃለሁ። ከዚያ ባዶውን ካገኘሁት ሰሌዳውን ለመፈክር እወስደዋለሁ።»

እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳትስም ቀረች። «በቃ፣ ዓይኔም አረጀ» ብላ ፊቷን አዞረች። አንጀቴን በላችኝ።

ያኔ ጋሽ ተሰማ ትዝ አሉኝ። የእማዬ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ጉለሌ ይኖራሉ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራሉ። ተነቦ ያለቀውን ጋዜጣ ቤታቸው ወስደው፣ አስገራሚውን ወሬ በቀይ እርሳስ እየከበቡ ሳጥን ሙሉ ማስቀመጣቸውን ለቅሶ ላይ አጫውተውኛል። «ስትፈልግ ና ውሰድ» ብለውኝም ነበር። ልመጣ ነው ብዬ በሾፌር ላክሁባቸውና ሳምንት ቆየሁ።

ሰኞ

የይለፍ ወረቀቴን፣ መቀሴንና ቃል የምመዘግብባት ደብተሬን ይዤ ማለዳ በጭነት መኪና ተነሣሁ። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከኋላ ከበጎች ጋር ተሳፈርኩ። በግ እንደ ተሳፋሪ ምስጉን ነው፤ ይሞቃል፣ ነገር አይጠይቅም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ፊታችንን ዘጋው፤ ትንሽ አለፍ ብለን ደግሞ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በርግጫ እየመታ «ከጎሚስታ ከወጣ ገና ሳምንቱ!» ሲል ደብተሬን አወጣሁ። ጎሚስታ፦ ጎማ ጠጋኝ። የጉዞው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያረፍኩባት ቤት ባለቤት ገና ከበሩ አሸተቱኝ።

«በግ ነጋዴ ነህ?»

«አይ፣ መምህር ነኝ።»

«እንግዲያው በጎቹ ናቸው አስተማሪ» አሉና ሙቅ ውኃ አቀረቡልኝ። እግሬን ታጥቤ ሽሮ በላሁ፤ የእኛ አገር ሽሮ ቀጠን ይላል፣ የእሳቸው ማንኪያ ያቆማል። ለምን እንደምሄድ ስነግራቸው «ወሬ? ወሬማ እዚህ ሞልቶ!» አሉና ቀትር ላይ ብቻ ስለሚጮኸው አውራ ዶሯቸው አጫወቱኝ። ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ የሚነሣው በእሱ ነበር አሉ። ኋላ ግን አንድ እንግዳ መጣና ታረደለት። ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ለሰሌዳዬ ከዚህ የተሻለ ወሬ አልነበረም፤ ግን የዶሮው ወሬ አልታተመም።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሸኖ ላይ ቆሞ ቅቤ የያዙ ሴቶች ተሳፈሩ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ኬላ ላይ ጠባቂው ቦርሳዬን በረበረና መቀሱን ሲያገኝ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ጋዜጣ ልቆርጥበት።»

«የምን ጋዜጣ?»

«ማንኛውንም፤ እናቴ...»

ነገሬ እየተበላሸ ሲሄድ ከኋላዬ የነበሩት ባለቅቤ «ኧረ ተወው የኔ ልጅ፣ መምህር ነው መሰለኝ፤ ሲናገር አታየውም? ልብስ ሰፊ ቢሆን እንዲህ አይርበተበትም» አሉት። ጠባቂው ሳቀና መቀሱን መለሰልኝ።

አውቶቡስ ተራ ወርጄ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ። ተሳፋሪው በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ከተሜው ስሙን «ውይይት» ብሎታል። የቀበሌ የውይይት ክበብን ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ልዩነቱ እዚህ ሰው የልቡን ያወራል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ ድረስ ማግባቴን፣ አለማግባቴን፣ ለምን አለማግባቴን ጠይቀው ጨርሰዋል።

የጋሽ ተሰማ ቤት ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። የእኛ ተራራ ገላጣ ነው፤ የእነሱ እስከ እንጦጦ ድረስ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ከየጓሮው የሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ ይሰማል። ሰዉ «ዛሬስ በረደ» እያለ ጋቢ ይከናነባል። ያ እነሱ ብርድ የሚሉት እኛ ዘንድ የምሳ ሰዓት አየር ነው።

ባለቤታቸው እትዬ አማረች ደጅ ድረስ ሮጠው አቅፈው ሳሙኝ። ጋሽ ተሰማ ግን ከኋላ ቆመው እጃቸውን ያፍተለትላሉ። ጉልበት ስሜ ቀና ስል ፈገግታቸው የለቅሶ ቤት ፈገግታ ሆነብኝ።

«ና ማረፊያህን ልይልህ... እ... ማለቴ፣ ላሳይህ» አሉ እትዬ አማረች፤ ደስታው ቃላቸውን አምታቶባቸዋል። «ለአንተ ብዬ ነው ያሰናዳሁት። የቀበሌ ሱቅ ኖራ ብጠይቅ የለም፤ ብጠይቅ የለም። የመንዝ ሰው መጥቶ ጭቃ እያየ አይተኛም ብዬ፣ በቃ፣ ይኸው!»

በሩን ከፈቱት። የክፍሉ አራቱም ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ በጋዜጣ ተለብጧል። በዱቄት ሙጫ፣ ጠርዝ በጠርዝ፣ አንድ ጉብጠት ሳይኖረው። ከየገጹ ላይ ደግሞ ቀይ የእርሳስ ክብ እንደ በርበሬ ፍሬ ያየኛል።

«እንዴት ነው?» አሉ።

«እጅግ ያምራል» አልኩ። እውነትም ያምር ነበር።

እሳቸው ወጥ ሊያማስሉ ሲሄዱ ጋሽ ተሰማ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ። «ከሥራ ስገባ ጨርሳ አገኘኋት» አሉ በሹክሹክታ። «ቀይ የተከበበበት ያለቀለት ነው ብላ፣ ያልተከበበውን ለእኔ አስቀምጣልኛለች። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ቆማ ነው የለጠፈችው። ለአንተ የታሰበ መሆኑን ብነግራት ትሞታለች። እንዳትነግራት፤ በቁስቋም ይዤሃለሁ!»

በቁስቋም ተይዤ ምን እላለሁ? ራቱ ምርጥ ነበር፤ እኔ ግን በየጉርሻው መሐል ወደ ክፍሉ በር ሳይ አመሸሁ።

ረቡዕ

ጋሽ ተሰማ ሥራ ሲገቡ እኔ ከግድግዳው ጋር ቀረሁ። ሰሌዳው ላይ ባይለጠፍ እንኳ ለእማዬ በቃሌ እነግራታለሁ ብዬ መገልበጥ ጀመርኩ። ከላይ ያለውን አልጋው ላይ ቆሜ፣ ከታች ያለውን በጎኔ ተኝቼ። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ስለነበር አንገቴን ጠምዝዤ አነበብኩት። የአገሪቱ መሪ ፎቶ ያለበት ገጽ ግን አንዱም አልተዘቀዘቀም። እትዬ አማረች እነዚያን ሁሉ ቀጥ አድርገው፣ ከሌላው ላይ ደርበው ለጥፈዋቸዋል። ለዚህስ ማን ይወቅሳቸዋል?

ምን ያላገኘሁት አለ! ኦክቶፐስ የተባለው የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ እንዳለው ሊቃውንት ገለጹ ይላል። የቀጭኔ ምላስ ጥቁር ነው ይላል። አንድ መንደር ውስጥ በየዓመቱ የቀንድ አውጣ እሽቅድምድም እንደሚደረግና አምና አሸናፊው መንገድ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው ይናገራል። አዳዲሱ ቃል ደግሞ! መንኮራኩር ስንል የጋሪ እግር ነበር የምናውቀው፤ ለካ ወደ ጠፈር የሚመጥቀውም መንኮራኩር ሆኗል። ዐውደ ርዕይ የሚል አገኘሁ፤ ሰው ሊያየው ዕቃ የሚደረደርበት ነው። እኛ ገበያ እንለዋለን።

አልጋው ራስጌ ላይ ያለችው ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። በአንዲት ደሴት ላይ የሚኖር ሙሽራ ወደ ሠርጉ በጀልባ ሲቀዝፍ ነፋስ ወስዶ ሌላ ደሴት ላይ ጣለው። እዚያም ሠርግ ተደግሶ ሙሽራው ቀርቶባቸው፣ ሽማግሌዎቹ ተጨንቀው ደረሰ። አልብሰውት፣ አስገብተውት፣ ከሙሽራዋ አጠገብ አስቀመጡት። «ሙሽራዋ ቀና ብላ ስታየው...» ይላል፤ ቀሪው በመሪው ፎቶ ተሸፍኗል። ፎቶውን የሚልጥ ጀግና ደግሞ በዚያ ዘመን አልተወለደም።

ጋሽ ተሰማን ማታ ብጠይቃቸው «አገባት መሰለኝ» አሉ። ጠላ ከቀመሱ በኋላ «የለም፣ ሌሊቱን ቀዝፎ ተመለሰ» አሉ። እኔ የትኛውን ልመን?

ቀኑን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዋልኩ። እትዬ አማረች አምስት ጊዜም ይሁን ስድስት ጊዜ ብቅ እያሉ አይተውኝ፣ ምንም ሳይሉ በቀስታ በሩን ዘጉት።

ሐሙስ

ሲነጋ ዶሮ ታርዷል። «ምነው እትዬ፣ በዓል ነው?» ብል «ለእንግዳ ነዋ» ብለው ዓይኔን ሳያዩ ቆለሉልኝ። አገራችን እንግዳ በሰነበተ ቁጥር ወጡ እየቀጠነ ይሄዳል፤ እዚህ ግን እየወፈረ ሄደ። ከቀበሌ ሱቅ በስንት ሰልፍ የተገኘች ስኳር ሻዬ ውስጥ ገብታ ማር ሆነች። ትራሴ ተለወጠ፤ ቀጥሎ ብርድ ልብሱ ተለወጠ። እኔም ሞኙ የከተማ ወግ ነው ብዬ በልቼ ወደ ግድግዳዬ ዞርኩ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አማረች «ትንሽ አየር ይቀበል» ብለው ከጎረቤታቸው ከሸማኔው ከአቶ ጫቦ ጋር ሰደዱኝ። አቶ ጫቦ ከጋሞ ተራሮች በልጅነታቸው መጥተው እዚያው ሽሮ ሜዳ የሸበቱ፣ ለሰው የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው እየሠሩ ድርና ማጉን፣ ጥለቱን አሳዩኝ። እኔ ግን ዓይኔ የእሳቸውም ግድግዳ ላይ ቀይ ክብ ፈለገ። እትዬ አማረች የተረፈውን ለጎረቤት አካፍለዋል። «ከነዳጅ ማጣሪያው ፎቶ ጎን ያለችውን ወሬ ልያት» ብዬ ወደ ግድግዳው ስጠጋ አቶ ጫቦ መወርወሪያቸውን አቁመው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ወንድሜ» አሉ፣ «እናትህ ደኅና ናቸው?»

«ትንሽ አዝናለች።»

«አንተስ?»

«እኔ ደኅና ነኝ» ብዬ ንባቤን ቀጠልኩ።

ዓርብ

ጾሙ በዘጠኝ ሰዓት ሲፈታ፣ ጋሽ ተሰማም ከሥራ አስፈቅደው መጥተው፣ ምሳ በላን። ማዕዱ እንደተነሣ በሩ ተንኳኳና አቶ ጫቦ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ የቤቱ የንስሐ አባት አባ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ አልቀመጥ አሉ። እኔ የሆነ ሰው ሊድሩ ነው ብዬ ከመንገዳቸው ልወጣ ስል አባ «አንተን ነው ልጄ» አሉ። «እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

«እሺ አባቴ፤ ግን ምኑን?»

«ይቅርታውን ነዋ! ሰው ቤት ገብተህ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ሰነበትክ። እንግዳ ፊቱን ግድግዳ ላይ ከጣለ ተቀይሟል። አማረች ሌሊት ስታለቅስ ታድራለች። ምን አጥፍታ ነው? ጥፋቷን ንገራትና ትካስህ።»

ዞር ብል እትዬ አማረች ጓዳው በር ላይ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ዶሮው፣ ስኳሩ፣ ትራሱ፣ ሁሉም አሁን ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ተሰማን አየሁ፤ እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

«አባቴ፣ በመሐላ ተይዣለሁ» አልኩ።

«በማን?»

«በቁስቋም።»

«ቁስቋምማ የእኔ ደብር ናት፤ እኔ እፈታሃለሁ። ተናገር።»

ተናገርኩ። ስለ እማዬ፣ ስለ ሰሌዳው፣ ታትሞ የወጣ ካልሆነ ስላለው ሊቀመንበር፣ ሳጥን ሙሉ ወሬ ልወስድ መጥቼ ግድግዳ ላይ ስላገኘሁት። ስጨርስ ሁሉም ወደ እንግዳው ክፍል ዞረው አዩ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አማረች ናቸው። እንባቸው ሳይደርቅ፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ ወለሉ ላይ ቁጭ እስኪሉ ሳቁ። ከዚያ በድንገት ተነሥተው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተ ሰውዬ! ልጁ ከመንዝ ድረስ በበግ መኪና መጥቶ፣ የእናቱን ደስታ እኔ በዱቄት ለጥፌው፣ አንተ ዝም?»

«ደክመሽበታል ብዬ ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ሽማግሌዎቹ አሁን ተቀመጡ፤ ፍርድም ሰጡ። የእንግዳው ግድግዳ ይላጣል። የመሪው ፎቶ ያለበት አይነካም። ግድግዳውን እንግዳው ራሱ ጭቃ ረግጦ ይመርገዋል። እትዬ አማረች በበኩላቸው እንግዳውን ከእንግዲህ ለማድለብ አይሞክሩም። ይግባኝ የጠየቀ የለም፤ የመጨረሻውን ግን እትዬ አማረች አላከበሩትም።

ቅዳሜ

ሙቅ ውኃ በድስት ቀረበ። በጨርቅ እያራስን፣ ጥቂት እየጠበቅን፣ ከጥግ ጀምረን መላጥ ያዝን። እኔ ቸኩዬ ቀጭኔዋን ከአንገቷ ቆረጥኳት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና አቶ ጫቦ ገፍተር አደረጉኝ። ክር እንዳይበጠስ የለመደ እጅ ነው፤ ወረቀቱ ለእሳቸው ይታዘዛል። ሙጫው ጠንክሮ ስለነበር ግን ጋዜጣው ብቻውን አልመጣም፤ የግድግዳውን ጭቃ ከነጭዱ በጀርባው አዝሎ ይወጣል።

እትዬ አማረች የተላጠውን እየተቀበሉ አጥር ላይ ያሰጡታል። መሠረተ ትምህርት ተምረው ሰርተፊኬት ወስደው ነበር፤ «ሰርተፊኬቱን ይዤ ፊደሉን መለስኩላቸው» እያሉ ይቀልዳሉ። አሁን ግን አንዱን ወረቀት ይዘው ቆመው ቀሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ሦ...ስት... ልብ?» አሉ። «ሦስት ልብ? እኔ በአንዱ መቼ አረፍኩ!»

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቆመ። እያንዳንዱን ካላነበቡ አላሰጣም አሉ፤ አቶ ጫቦም «ቆይ፣ ያንን ድገሚው» ይላሉ። የአቶ ጫቦ ሚስት ለራሳቸው ቤት ተሰጥቷቸው ገና ያልለጠፉትን አምጥተው ጨመሩ። ጋሽ ተሰማ ሳጥናቸው ባዶ ቀርቶ እንኳ እንዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የሙሽራውን ገጽ የላጡልኝ አቶ ጫቦ ናቸው። ፎቶው ጫፍ ድረስ በጥንቃቄ አመጡት፤ እዚያ ሲደርስ እርጥቡ ወረቀት ተቀደደ። ግማሹ በእጃቸው፣ ግማሹ ከፎቶው ሥር ቀረ። ሁላችንም ፎቶውን አየን፤ እሱም አየን። «በቃ፣ ይሁን» አሉ ጋሽ ተሰማ በሩን ዞር ብለው እያዩ።

ከሰዓት በኋላ ሱሪዬን ሰብስቤ ጭቃ ረገጥኩ። ግድግዳውን ስመርግ እትዬ አማረች አንድ ጥግ እንኳ ጥሩ ነው አላሉኝም፤ ኋላ መጥተው ሁሉንም በእጃቸው ደግመው አለሰለሱት።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ቁስቋም አስቀደስን። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከተማው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ውኃ ይመስላል። ከዚያ በላይ ስለ ከተማው የምነግራችሁ የለኝም። ሌላውን አዲስ አበባ አላየሁም፤ አልቆጨኝምም።

ሰኞ ስነሣ ጋዜጦቹ ደርቀው እንደ ሳንቃ ቆመው ነበር። አይጠቀለሉም፣ አይታጠፉም። አቶ ጫቦ በሁለት እንጨት መሐል አድርገው በድር ክር አሰሩልኝ። ለእማዬ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላም ሰጡኝ፤ ዋጋውን ብጠይቅ ተቆጡ። እትዬ አማረች «ለእናትህ ንገራት፤ ግድግዳዬን ነው የላክሁላት» አሉ። ስለያቸው እንባዬን መያዝ አቃተኝ። በመልሱ ኬላ ላይ ያው ጠባቂ አገኘኝና ጀርባዬ ላይ ያለውን ጭቃማ ነገር ደጋግሞ አይቶ፣ መቀሱንም አስታውሶ፣ «ሂድ፣ ሂድ» ብሎ ብቻ አሳለፈኝ።

እንደገና ቅዳሜ

ጋዜጣውን ሰሌዳው ላይ በሚስማር መታሁት፤ ሙጫ አልፈለገም። ጥላሁን ገና ገበያው ሳይሞላ መጣ። አንዱን ገጽ አንሥቶ ጀርባውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጉለሌ ጭቃ።»

ገልብጦ የጋዜጣውን ስም አነበበ፣ ፊደሉን በጥፍሩ ፈተነ። «ታትሞ የወጣ ነው» አለ፤ የእፎይታ ድምፅ ነበር።

እማዬ አዲሱን ነጠላ ለብሳ መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። የኦክቶፐሱን ስታነብ ሕዝቡ «እማማ የሺ ደግሞ ጀመሩ!» ብሎ ተንጫጫ። እሷ ቀና ብላ ጥላሁንን ብቻ አየችው። እሱ ቀርቦ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። «እውነት ነው» አለ ግራ እየተጋባ። «ሦስት ነው የሚለው።» ያን ጊዜ እናቴ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

የሙሽራውን ለመጨረሻ አስቀርታው ነበር። ቀስ እያለች፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር አነበበችው። ጀልባው ሲናወጥ በግ የያዘው ሰው በጉን ለቀቀ። ሽማግሌዎቹ ሙሽራውን ሲያለብሱ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። «ሙሽራዋ ቀና ብላ ስታየው...» አለችና ጣቷ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ከዚያስ?» አለ አንድ ገበሬ።

«ከዚያማ ወረቀቱ አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል?»

«ቀሪው ጉለሌ ነው፤ ግድግዳ ላይ፣ ከመሪው ፎቶ ሥር። እኔ ደግሞ ታትሞ ከወጣው በቀር አንዲት ቃል እንዳላነብ ታዝዣለሁ።»

ገበያው ሁሉ ወደ ጥላሁን ዞረ። እሱ ወደ ሰሌዳው ተጠግቶ የተቀደደውን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ። ገልብጦ ጭቃውን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ አየ፤ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ የሺ» አለ፣ «አንቱ መቼም... ምን ሆኖ ይሆን ይላሉ?»

እማዬ ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንግዲህ» አለች፣ «ሙሽራዋ ቀና ብላ ስታየው...»